ሳማው እስኪለበልበኝ ድረስ

ሳማ የለበለበው ልጅ ሲያለቅስ አይቼ አዝኜ አላውቅም። ጨካኝ ነው የሚለኝ ካለ ይበለኝ።

ባለፈው ፋሲካ ልጆቼን ይዤ አንኮበር፣ ያደግሁበት ቤት ሄጄ ነበር። ገና ዕቃ ሳናወርድ ትንሿ ልጄ ከጓሮው አጥር ሥር ያለውን ሳማ በሙሉ እጇ ጨበጠችው። ጩኸቷ ገደሉን ነክቶ ተመለሰ። ባለቤቴ ውሃና የልብስ ሳሙና ይዛ ስትሮጥ እኔ በቆምኩበት «ተመስገን» አልኩ።

«ምን ዓይነት አባት ነህ?» አለችኝ። «ልጅቷ ታለቅሳለች፣ አንተ ታመሰግናለህ!»

የተጨፈለቀ ሳማና የልብስ ሳሙና ሽታ አንድ ላይ አፍንጫዬን ሲመታኝ ቀኝ እጄ ሳላዝዘው ተጨበጠ። መልሱን አሁን በጽሑፍ እሰጣታለሁ። ልጆቼም ሲያድጉ ያንብቡት።

አራተኛ ክፍል ነበርኩ። የጥምቀት ማግስት ከጎረቤታችን የድንጋይ ካብ ላይ ስዘል ቀኝ ክንዴ ተሰበረ። መሰበሩን ያወቅሁት በድምፁ ነው፤ ደረቅ የባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ ሲቀነጠስ የሚሰማው ዓይነት ነበር።

የአካባቢያችን ወጌሻ ጋሽ ደጀኔ ነበሩ። ሰውም ከብትም ይጠግናሉ። እውነቱን መናገር አለብኝ፦ አጥንቴን በትክክል ገጥመውታል፤ ዛሬም ክንዴ ቀጥ ያለ ነው። ጣት የሚያካክሉ ሸምበቆዎች ዙሪያውን ደረደሩበት፤ በአሮጌ ነጠላ ቅዳጅ ጠምጥመው፣ በጉልበታቸው ደግፈው አጠበቁት። ጮኽሁ። አባቴ ትከሻዬን ይዞኝ ነበር።

«ይጩህ» አሉ ጋሽ ደጀኔ። «የጮኸ ይድናል።»

በማግስቱ የዘመድ ለቅሶ ሰምተው ወደ አረርቲ ወረዱና እዚያው ከረሙ።

እኛ ዘንድ አንድ ደንብ ነበር። ወጌሻ ያሰረውን ከራሱ ከወጌሻው በቀር ማንም አይፈታውም። ሌላ ሰው ከፈታው አጥንቱ ይቀየማል ይባላል። እኔ ይህን ስሰማ አጥንቴን እንደ አንድ ቁጡ ሽማግሌ አድርጌ ነበር የማስበው፤ ክንዴ ውስጥ ጋቢውን ተከናንቦ የተቀመጠ፣ ትንሽ ነገር የሚያስቀይመው። ሽማግሌው እንዳይሰማኝ ብዬ ቀስ ብዬ ነበር የማለቅሰው።

ጣቶቼ አበጡ፤ ከዚያም ጠቆሩ።

«ትንሽ ላላላው» አለች እናቴ።

«እንዳትነኪው!» አለ አባቴ። «አመመው ማለት እየሠራ ነው ማለት ነው። አጥንቱ ተቀይሞ ልጄ ቆማጣ ቢሆን አንቺ ትጠየቂያለሽ?»

እናቴ እጇን ሰበሰበች። ከጥቂት ቀን በኋላ ሕመሙ በራሱ ጊዜ ቆመ። ቤታችን ደስታ ሆነ። ጎረቤት እየመጣ «ጎበዝ! ወንድ ልጅ!» እያለ ራሴን ዳሰሰኝ፤ አባቴ ጠላ አስቀዳ። እናቴ ብቻ አልሳቀችም። ከእስሩ ብቅ ያለውን የጣቴን ጫፍ በጥፍሯ ቆነጠጠችው።

«ተሰማህ?»

«ምኑ?» አልኳት።

ጋሽ ደጀኔ ተመልሰው እስሩን ሲፈቱት ጾም ገብቶ ነበር። የወጣው እጅ የእኔ አልመስልህ አለኝ። ክንዱ ቀጥኗል፤ ጣቶቹ እንደ ዶሮ እግር ወደ ውስጥ ተቆልምመዋል። ጋሽ ደጀኔ አገላብጠው አዩት። ከዚያ ቅቤ አስመጥተው፣ እኔን እሳት ዳር አስቀምጠው፣ በአውራ ጣታቸው ከክርን እስከ አንጓ ያሹኝ ጀመር። ላብ ከግንባራቸው ይንጠባጠባል። እኔ የሌላ ሰው እጅ ሲታሽ እንደሚያይ ሰው እመለከታለሁ።

«አያምህም?» አሉኝ።

«አያመኝም።»

«ጎበዝ» አሉ፤ ድምፃቸው ግን ጎበዝ አላለም።

ስሜቴ የት እንደሄደ እኔ ደርሼበት ነበር። ሸምበቆ ውስጡ ክፍት ነው። እስሩ ሲጠብቅ ስሜቴ ወደ ሸምበቆዎቹ ውስጥ ገብቶ ቀርቷል። የተጣሉትን ሸምበቆዎች ከጓሮ ለቅሜ፣ አንዱን ጫፍ መዳፌ ላይ ደግኜ በሌላው እነፋ ነበር። እናቴ አንድ ቀን አገኘችኝ።

«ምን እያደረግህ ነው?»

ነገርኳት። አልሳቀችብኝም። አጠገቤ ተቀምጣ አንዱን ሸምበቆ አነሣችና እሷም ነፋችልኝ።

ትምህርት ቤት የባሰ ነበር። እጄ ሁልጊዜ ቅቤ ቅቤ ስለሚሸት፣ ያውም በሁዳዴ፣ ሙሉጌታ የሚባል የክፍሌ ልጅ «ጾም ፈታ! ጾም ፈታ!» እያለ ያሯሩጠኝ ነበር። ቀጥሎ «የእንጨት እጅ» የሚል ስም አወጣልኝ። እኔም እልህ ያዘኝ። አንድ ቀን የግራር እሾህ አምጥቼ ሰጠሁትና «ውጋኝ» አልኩት።

«እንዴ! አብደሃል?»

«ፈራህ እንዴ? ውጋኝ!»

ወጋኝ። ዓይኔን አላርገበገብኩም። ደም ሲወጣ ልጆቹ ሁሉ አፋቸውን ያዙ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጀግና ሆንኩ። በየዕረፍቱ ሊወጋኝ የሚሰለፍ ነበር። እኔም ጀግንነት ማለት ይህ ነው ብዬ አመንኩ። ልጆቼ፣ እዚህ ላይ አስምሩበት፦ የማይሰማው ሰው ጀግና አይደለም። ያ እጅ ቢቆረጥም ዝም ይል ነበር። ግንድም ሲቆረጥ ዝም ይላል።

አንድ ነገር ብቻ አላስቻለኝም። እኛ ቤት በግራ እጅ ወደ መሶብ መዘርጋት ነውር ነው። አባቴ በዚህ አይደራደርም። ስለዚህ ለብቻዬ በጣባ ይሰጠኝ ጀመር፤ ምድጃ ዳር፣ በግራዬ እንድበላ። «ላጉርስህ» ትላለች እናቴ፤ «እንቢ» እላለሁ። አንድ ቀን ጣባውን ገፋሁና ተነሥቼ መሶቡ ዘንድ ተቀመጥኩ። አባቴ ቀና ብሎ አየኝ።

«በቀኜ ነው የምበላው» አልኩት።

የተቆለመሙ ጣቶቼን ከነእንጀራው እየተንተከተከ የቀረበው ሽሮ ውስጥ ከተትኩና ለመዛቅ ታገልኩ። እንጀራው አመለጠኝ። ደግሜ ከተትኩ። ያለኝን ድፍረት ሁሉ እዚያ ድስት ውስጥ አስገብቼው ነበር። ድንገት እናቴ ጮኸች። እጄን ስትጎትተው ጣቶቼ ላይ ቆዳው ተልጦ እንደ እርጥብ ወረቀት ተንጠልጥሏል። እኔ ስለምን እንደምትጮህ አልገባኝም ነበር።

አባቴ ከዚያ በኋላ አልበላም። ደጅ ወጥቶ ቆመ። ሲመለስ «ነገ ጋሽ ደጀኔን እንደገና አስመጣና…» ብሎ ጀመረ።

እናቴ እጄን በጨርቅ እየጠቀለለች ነበር። ቀና አላለችም።

«ነገ ደብረ ብርሃን እወስደዋለሁ።»

«ማን ፈቅዶልሽ?»

«ያን ጊዜ ፈቃድ ጠየቅሁ። አጥንቱ እንዳይቀየም ብዬ ልጄን አስቀየምኩ። ከእንግዲህ የልጄን እጅ ለመፍታት የማንንም ፈቃድ አልጠይቅም። ቤቱን መዝጋት ትችላለህ።»

እናቴ በአባቴ ፊት እንዲህ ስትናገር ሰምቼ አላውቅም ነበር። ምድጃው ላይ ያለው እንጨት ሲሰነጠቅ ተሰማ። በማግስቱ ጠዋት ብርድ ልብስ ደርባልኝ ሚኒባስ ተሳፈርን።

ሐኪሙ እጄን አገላብጦ አየና ቃጠሎው እስኪሽር መድኃኒት ቀባልን፤ ከሻረ በኋላ ደግሞ በግቢው ጫፍ ወዳለች አንዲት ጠባብ ክፍል ላከን። እዚያ ሲስተር ምትኬ ነበረች። ከአርባ ምንጭ የመጣች፣ የደብረ ብርሃን ብርድ ያስመረራት፣ ሁለት ሹራብ ደርባ የምትሠራ ወጣት። እጆቿን ሁልጊዜ በሻይ ብርጭቆ ታሞቃቸዋለች። እናቴ ለክብሯ ብላ ከቤት ያመጣችውን ቅቤ ከቅጠል ፈትታ አቀረበችላት።

ሲስተር ቅቤውን አየችው፤ ክንዴንም አሸተተችው። ከዚያ ውሃና የልብስ ሳሙና አምጥታ ከትከሻዬ እስከ ጥፍሬ ፈትጋ አጠበችኝ። ለሳምንታት የተጠጣው ቅቤ እየነጣ ሲወርድ እናቴ በጭንቀት ታያት ነበር።

«ያለ ቅባት ምን ማሸት አለ?» አለች በመጨረሻ።

«ቅቤ ካለ እጄ ያንሸራትተኛል፣ እማማ። እኔ መንሸራተት አይደለም የምፈልገው። መያዝ ነው።»

አንድ እጇን ከክርኔ በታች፣ ሌላውን ከአንጓዬ በላይ አሳረፈች። አላሸችኝም። አልጫነችኝም። ትንሽ ዘንበል ብላ ዓይኗን ጨፈነችና ቆየች። ብርጭቆው ውስጥ የነበረው ሻይ እስኪቀዘቅዝ ቆየች። ስሜቴን በስሙ እየጠራችው ይሆናል ብዬ ከንፈሯን አየሁ፤ አልተንቀሳቀሰም። ከዚያ አንድ ነገር ሆነ። አልተሰማኝም፤ በዓይኔ ግን አየሁት። ከእጆቿ በታች ያለው ሥጋ፣ የሌሊት ውርጭ የያዘው መሬት ፀሐይ ሲያገኘው እንደሚላላው፣ ቀስ ብሎ ተሳበ።

«ይድናል?» አለች እናቴ።

«ቃል አልገባም። ያልሞተ ነገር ካለ ግን እናገኘዋለን። በየሳምንቱ አምጪው። በመሀሉ ደግሞ እናንተ ራሳችሁ ቤት ውስጥ በየቀኑ ትሠሩለታላችሁ። አሳይሻለሁ።»

በሚቀጥለው ሳምንት አባቴ ሳይጠራ ሚኒባሱ ላይ ወጣ። ዱላውን ይዞ በክፍሏ በር ላይ ተቀመጠ። ሲስተር ሥራዋን ጀመረች፤ ዓይኗን ጨፈነች። አባቴ ቢጠብቅ ቢጠብቅ የሚታይ ነገር የለም።

«ይቺ ልጅ ተኝታለች እንዴ?» አለ ለእናቴ፣ ጮክ ብሎ።

«አልተኛሁም፣ አባቴ» አለች ሲስተር ዓይኗን ሳትገልጥ። «እየጠበቅኩ ነው።»

«ምን?»

«ሥጋው እንዲለቀኝ።»

«እኔ ሳያለቅስ የዳነ ልጅ አላየሁም።»

«እያለቀሰ የታሰረውስ ዳነልዎት?»

አባቴ በዱላው መሬቱን ሁለት ጊዜ ነካ። ሊነሣ ነው ብዬ ሰጋሁ። አልተነሣም። ሲስተር ዓይኗን ገልጣ ድምፅዋን አለሰለሰች። ሥጋችንን ከላይ እስከ ታች የሚያለብስ ስስ ነገር እንዳለ፣ ታስሮ ሲከርም እንደሚደርቅና እርስ በርሱ እንደሚጣበቅ፣ ነርቩም እዚያ ውስጥ እንደሚታነቅ ነገረችው። «በጉልበት ብጎትተው ይብስበታል» አለችው። አባቴ ራሱን ነቀነቀ፤ ያልገባው ሰው አነቃነቅ ነበር። ወደ ቤት ስንመለስ የገበያ ወሬ እንጂ የእጄን ነገር አላነሣም።

ቤት ውስጥ በየቀኑ የምትይዘኝ እናቴ ነበረች። እኔም የራሴን ምርመራ ጀመርኩ። ጠዋት ጠዋት ወደ ጓሮ ሄጄ ቀኝ እጄን ሳማው ውስጥ እከትታለሁ። ቆዳዬ ይቀላል፤ ነጭ ነጭ ጉብ ጉብ ይላል፤ አይሰማኝም። «ነገ ትለበልበኛለህ» እለውና እሄዳለሁ። የማስፈራራው እኔ ነበርኩ።

ፋሲካ ደረሰ። አባቴ በግ አረደ። በእኛ አገር በግ የሚገፍ ሰው ቢላ አያበዛም። እግሩ ላይ ትንሽ ይቀድና ቢላውን ያስቀምጠዋል። የቀረው በቡጢ ነው። ቡጢውን በቆዳውና በሥጋው መሀል አስገብቶ ቀስ እያለ ይገፋል፤ የቸኮለ ቆዳውን ይበሳዋል፣ ሥጋውንም ይቦጭቀዋል። አባቴ በዚህ የተመሰገነ ነበር፤ ቆዳው ያለ አንድ ቀዳዳ ነው የሚወጣለት። እኔ በግራ እጄ እግሩን ይዤለታለሁ።

ግማሽ ላይ ሲደርስ ቆመ። ቡጢው ውስጥ እንዳለ ነው። በቆዳውና በሥጋው መሀል የተወጠረውን ነጭ፣ እንደ ሸረሪት ድር የሳሳ ነገር አየ። ትንሽ ዘንበል አለበት፤ ጠበቀ፤ ድሩ ለቀቀ። ከዚያ ዓይኑን አንሥቶ የእኔን ክንድ አየ።

«ምን ሆንክ?» አለች እናቴ ከበሩ። «ቢላ ላምጣልህ?»

«ቢላ ማን ጠየቀሽ!» አለ። ድምፁ ግን ቁጣ አልነበረበትም።

በጉን ጨርሶ ሰቀለው። ከዚያ እጁን በልብስ ሳሙና ታጠበ፤ ደግሞ ታጠበ፤ አሸተተው፤ ደግሞ ታጠበ። እኔንም አጠበኝ። ቤት ውስጥ ዶሮው ወጥቶ፣ ሰው ሁሉ ሊፈስክ ተቀምጦ ሳለ አባቴ ደጅ ድንጋይ ላይ አስቀምጦኝ እንደ ግራር ልጥ የሻከሩ ሁለት እጆቹን ክንዴ ላይ አሳረፈ።

«አባዬ፣ ወጡ…»

«አትናገር። እየጠበቅኩ ነው።»

ከዚያ ቀን በኋላ እናቴን አላስነካትም። ምን ያህል መቆየት እንዳለበት በአባታችን ሆይ ይለካው ነበር፤ በልቡ ይደግምና «አሜን» ሲል ትንሽ ፈቅ ይላል፤ እንደገና ይጀምራል። ከእርሻ ሲመለስ በሬዎቹን ከማሰሩ በፊት ሳሙናውን ይጠራል። ያ የሰፈሩ ሰው የሚፈራው ሰው በሽማግሌዎች ፊት የልጁን ክንድ ይዞ ዓይኑን ሲጨፍን ያላሾፈ አልነበረም።

«እገሌ ልጁን ያስተኛል ወይስ ልጁ እሱን?» ይሉታል።

«የሚያስቃችሁ ካለ ሳቁ። እኔ ሥራ ላይ ነኝ» ይላቸዋል።

አንድ ቀን ጋሽ ደጀኔ መጡ። ቆመው አዩን። አባቴ ቦታ ለቀቀላቸው፤ እሳቸው ግን አልተቀመጡም። «እኔ ጣትን ሳላይ አስሬ ሄድኩ» አሉ። ሌላ አልጨመሩም። ከዚያ በኋላ ለሚያስሩት ልጅ እናት «ጣቱ ከጠቆረ እኔን አትጠብቂ፤ ፍቺው» እንደሚሉ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ስለዚህ ማንም ወጌሻ ሁሉ እንዲህ ነው ብሎ እንዲያወራብኝ አልፈልግም። ስሕተቱን አይቶ ደንብ የቀየረ ሽማግሌ እኔ ዘንድ ሁልጊዜ የተከበረ ነው።

ጣቶቼ መፍታታት ጀመሩ። ሲስተር ምትኬ አንድ በአንድ እየዘረጋች «ጎሽ» ትላለች። ስሜት ግን የለም። ከዚያ በግንቦት ዝናብ ማግስት ጉንዳን የሄደብኝ የመሰለ የመውረር ስሜት ጀመረኝ። እሱ ወደ ሕመም ተለወጠ፤ ክንዴን የሚሰረስር ሕመም። ጎረቤቶቻችን ተሰበሰቡ። «አላልናችሁም? ደህና የነበረውን ልጅ ያቺ የሐኪም ቤት ልጅ ጭራሽ አሳመመችው!» አሉ።

እኔ ግን ወደ ጓሮ ሄድኩ። ሳማው በዝናቡ ወፍሯል፤ ጠብታ ተሸክሟል። እጄን ከተትኩ።

አውራ ጣቴ ላይ እሳት ተለኮሰ።

ጮኽሁ። አጥንቴ እንዳይቀየም፣ ሰው እንዳይሰማ ሳልል፣ ከጥር ጀምሮ ያጠራቀምኩትን ሁሉ ጮኽሁ። አባቴ እባብ መስሎት ዱላውን ይዞ ሮጠ።

«ምን ነከሰህ?»

«ሳማ! ሳማ ለበለበኝ!»

«የቱን እጅ?»

ቀኝ እጄን አነሣሁ። ዱላው ከእጁ ወደቀ። እጄን እንደ ባንዲራ ከፍ አድርጎ ይዞ ደጃችን ላይ ወደቆሙት ጎረቤቶች ጎተተኝ።

«ያመዋል!» አላቸው። «ሰምታችኋል? ልጄን ያመዋል! ከእንግዲህ እኔ ቤት አያምም የሚል ሰው እንዳይገባ!»

እንባው ጺሙ ላይ ይወርድ ነበር፤ አልጠረገውም።

ሙሉ በሙሉ ድኛለሁ ብዬ አልዋሽም። ትንሿ ጣቴ እስከ ዛሬ ዝም እንዳለች ናት። ሌሎቹ ተመለሱ። ልጆቼን በብዙ ነገር እቆጣቸዋለሁ፤ በውሸት፣ በስንፍና፣ ሰው በመናቅ። «አታልቅስ» ብዬ ግን አንዱንም ተቆጥቼ አላውቅም፤ አልቆጣምም።

ሳማው በለበለበኝ ቀን ምሳ ሲቀርብ እናቴ ወደ ምድጃው ዳር ስትመለከት አባቴ ጣባዋን አንሥቶ ከበሩ ውጪ አስቀመጣት። «እዚህ ና» አለኝ። መሶቡ ዘንድ፣ ከጎኑ ተቀመጥኩ። ሽሮው እየተንተከተከ መጣ። እናቴ ከቃጠሎው ወዲህ እንደ ልማዷ ሙቀቱን ቀድማ በጣቷ ልትሞክርልኝ እጇን ዘረጋች፤ አባቴ ክንዷን ያዛት።

እንጀራ ቆረስኩ። ቀኝ እጄን ወደ ድስቱ አወረድኩ። ገና ሳልነካው እንፋሎቱ ጣቴን ሲመታኝ መለስኩት።

ትኩስ ነበር። ማንም አልነገረኝም።